ዝምተኛዋ መኪና በድሬዳዋ ፀሐይ

«ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት ስንሰማ አድገናል። ነገር የማያበዛ ሰው ከጉዳት ይድናል ለማለት ነው። በድሬዳዋ ከተማ የሚኖሩት አክስቴ ግን ባለፈው ግንቦት ልጠይቃቸው በሄድኩ ጊዜ ተረቱን ገልብጠው ነገሩኝ። «ዝም አይነቅዝም ያለሽ ማነው ልጄ? የእኔዋ ዝምተኛ ዓይኔ እያየ ስትነቅዝ ከረመች» አሉና በግቢያቸው ጥግ ከሸራ ዳስ ሥር የቆመችውን ጥቁር አውቶሞቢል በእጃቸው አመለከቱኝ።

አውቶሞቢሏ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ናት። ወንበሮቿ በቆዳ የተለበጡ፣ ጣሪያዋ ከዳር እስከ ዳር መስተዋት የሆነ፣ ስትሄድ እንደ ጥላ ድምፅ የሌላት የቅንጦት መኪና ናት። ነቀዘች የተባለውም ሆድዋ ውስጥ ያለው ባትሪ ነው።

ውድ አንባብያን፤ በዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንዲት መኪና መናገራችን ሊያስገርማችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ አዲስ መኪና ለመግዛት ያሰበ ቤተሰብ ሁሉ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ማዞር ግድ ሆኖበታል። መኪናዋ ደግሞ ከቤት ቀጥሎ አንድ ቤተሰብ በዕድሜው ከሚገዛቸው ዕቃዎች ሁሉ ውድዋ ናት። እንግዲያውስ እንዴት እንደምትያዝ ማወቅ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በተለይም በቆላ ለሚኖሩ እህቶቻችን።

«ሠላሳ ዓመት ቆሜ ሸጫለሁ»

አክስቴ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ባለቤታቸው በሞት ከተለዩዋቸው በኋላ አራት ልጆች ያሳደጉት ቀፊራ ገበያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ነው። መኪና ልግዛ ባሉ ጊዜ ልጆቻቸው ሁሉ ተቃወሟቸው። ወንዶቹ በገንዘቡ የሚከራይ ቤት ይሠራ አሉ፤ ሴቷ ልጃቸው ደግሞ «እማዬ፣ ባጃጅ ምን አለሽ?» አለች። እሳቸው የመለሱት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሠላሳ ዓመት ቆሜ ሸጫለሁ፤ አሁን ተቀምጬ ልሂድ።»

ኤሌክትሪክ መሆኗም አላስፈራቸውም። ድሬዳዋ እንኳን ለመኪና ለባቡርም እንግዳ አይደለችም። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ስለደረሰላት ነው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር ተመርቆ በደጃፏ ማለፍ ጀምሯል። «ባቡሩን ያህል ነገር የሚጐትት ኤሌክትሪክ እኔን አቅቶት ይተወኛል?» ብለው ገዙ።

የመጀመሪያው ዓመት በደስታ አለፈ። ነዳጅ ማደያ መሰለፍ የለ፣ ዘይት መቀየር የለ፣ ጭስ የለ። አክስቴ መኪናዋን እንደ ጥሩ የቤት እመቤት ያዟት፤ ስሕተቱ የመጣውም ከዚያው ነው። ጥሩ የቤት እመቤት እንስራዋ ጐድሎ አታሳድርም። እሳቸውም ባትሪው መቶ በመቶ ሳይሞላ አያድሩም ነበር። ጥሩ የቤት እመቤት መልካም ዕቃዋን ለዓይን በሚታይበት ታስቀምጣለች። እሳቸውም መኪናዋን ቀኑን ሙሉ ሱቃቸው ፊት ለፊት፣ ጥላ በሌለበት ጠራራ ያቆሟት ነበር። «ሰው ይያት ብዬ ነዋ! ለፍቼ የገዛኋትን ደብቄ ላስቀምጣት?»

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ አሉ። መኪናዋ አዲስ ሳለች አንድ ጊዜ ከተሞላች ሐረር ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ትወስዳቸው ነበር። አሁን ሦስተኛውን ጉዞ ሲጀምሩ የባትሪው ቁጥር ቶሎ ቶሎ እየወረደ ልባቸውን ያስፈራው ጀመር። ባለሙያ አስመጥተው ሲያስለኩ የባትሪው አቅም ከአዲስነቱ 86 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከሙሉው ውስጥ 14 እጁ የት ገባ? ማንም አልሰረቀውም፤ የበላው ሙቀቱ ነው።

ሊጥና ባትሪ

ባለሙያው ለአክስቴ ያስረዳቸው በሊጥ ምሳሌ ነበር። አዲስ አበባ ሦስት ቀን የሚፈልገው የእንጀራ ሊጥ ድሬዳዋ ላይ ቶሎ ኩፍ ይልና ቶሎ ይኮመጥጣል። ሊጡም ሆነ እርሾው ያው ነው፤ ሥራውን ያጣደፈው ሙቀቱ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ውስጥም እንዲሁ ነው። የሊቲየም ቅንጣቶች ባትሪው ሲሞላ ወደ አንዱ ወገን፣ ኃይል ሲሰጥ ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ይመላለሳሉ። ከዚህ መልካም ሥራ ጎን ለጎን ግን ቅንጣቶቹን ቀስ በቀስ እያሰረ የሚያስቀር ሌላ የማይፈለግ ለውጥ አለ። ሙቀት የሚያፋጥነው ይህንን ነው። ታስሮ የቀረ ቅንጣት ዳግመኛ አይመለስም።

ባትሪው ደስ ብሎት የሚሠራው እኛ ሰዎችም ደስ በሚለን ሙቀት፣ ከ15 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ነው። ከዚህ በላይ ሲሆን ያረጃል። እጅግ የሚጐዳው ግን ሙቀትና ሙላት አንድ ላይ ሲመጡ ነው። አፉ ድረስ የተሞላ ባትሪ በፀሐይ ቆሞ ሲውል መኪናዋ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳትሄድ ዕድሜዋ ያልቃል። አክስቴ ሳያውቁ ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

ይህ ችግር በድሬዳዋ የተጀመረ አይደለም። ከዚህ ቀደም በአሜሪካ በአሪዞና ክፍለ አገር፣ በረሃማ በሆነችው በፊኒክስ ከተማና በአካባቢዋ ታይቷል። ኒሳን ሊፍ የተባለችው የኤሌክትሪክ መኪና እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ለገበያ ስትቀርብ ባትሪዋን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ2012 የፊኒክስ ባለመኪናዎች ባትሪያቸው ከሌላው አገር ይልቅ በፍጥነት እየደከመ መሆኑን ገልጸው አቤቱታ አሰሙ። በአቤቱታቸውም በመጽናታቸው ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2013 የባትሪው አቅም በአምስት ዓመት ወይም በ60,000 ማይል (96,000 ኪሎ ሜትር ገደማ) ውስጥ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ እንደሚያድስ ዋስትና ሰጠ። በኋላም ሙቀትን የተሻለ የሚቋቋም ባትሪ አወጣ። ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው፤ ሙቀት ባትሪን እንደሚጐዳ፣ መብቱን የጠየቀ ባለንብረትም መልስ እንደሚያገኝ።

ዛሬ የሚሠሩት አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች፣ በተለይም ውድ የሆኑት፣ ባትሪውን እየዞረ የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ አላቸው። በብዙዎቹም ፈሳሹን የሚያበርደው ሰውን የሚያቀዘቅዘው ያው የአየር ማቀዝቀዣ ነው። ስለዚህ የአየር ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ «ግድ የለም፣ መስኮት እከፍታለሁ» የምትል እህት ራስዋን ብቻ ሳይሆን ባትሪዋንም ማቀዝቀዣ መንሳቷ እንደሆነ ትወቅ። ከፊት ያለው የማቀዝቀዣው ፍርግርግ በአቧራ እንዳይደፈንም በየጊዜው መጽዳት አለበት። ማቀዝቀዣው በእርግጥ ኃይል ይበላል። የአሜሪካ የመኪና ባለንብረቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የፍተሻ ውጤት መሠረት በ35 ዲግሪ ሙቀት ማቀዝቀዣ እያሠሩ ሲነዱ መኪናዎቹ በአንድ ሙሌት የሚሄዱት ርቀት በአማካይ በ17 በመቶ ቀንሷል። ይህ ግን ሲበርድ የሚመለስ ነው፤ የነቀዘው ባትሪ ግን አይመለስም።

ያልተነበበው ማስጠንቀቂያ

«እትዬ፣ መኪናዋ ምንም ምልክት አልሰጠችዎትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሳቁ። «ሰጥታኝ ነበር ልጄ። አንድ ዓመት ሙሉ ስትጽፍልኝ ኖራለች፤ እኔ ቋንቋዋን አላውቅም እንጂ።»

የመኪናዋ ስክሪን የሚጽፈው በቻይንኛ ነበር። የተሰጣቸው መጽሐፍም እንዲሁ። ሻጩ እንዴት እንደምትነሳና እንዴት እንደምትቆም ብቻ አሳይቷቸው ሄዷል። ወንዶች ልጆቻቸው ስለ መኪና እናውቃለን ቢሉም የሚያውቁት የነዳጁን ነው። ቁልፉን የፈታችው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጃቸው ናት። አንድ የእሑድ ቀን ተቀምጣ ጽሑፉን አንድ በአንድ በስልኳ ፎቶግራፍ እያነሳች አስተረጐመችው። ያን ጊዜ ባትሪው ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞላ የሚያደርገው ማዘዣ ከመጀመሪያው አንስቶ እዚያው እንደነበረ ታወቀ። ባትሪው እንደ ሞቀ የሚገልጸው ማስጠንቀቂያም ብዙ ጊዜ ወጥቶ ኖሯል።

አክስቴ የሚቆጫቸው ይኸው ነው። «በሠላሳ ዓመት ሂሳብ አንድ ሜትር ጨርቅ አጭበርብሮኝ የሄደ የለም። የራሴን ንብረት ግን ማንበብ ሳልችል ገዛሁ» ይላሉ።

ስምንት ደቂቃ

ለወጉ መጨረሻ ያቆዩት ግን ሌላ ነገር ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ፤ እኔም ለሌሎች እናቶች እንዲጠቅም እንድጽፈው ፈቀዱልኝ።

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ መድኃኒት ቤት ሄዱ። ሕፃኑ ከኋላ ተኝቷል። መኪናዋ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ከሚቀሰቅሱት ማቀዝቀዣው እንደ ሠራ ይተኛ ብለው በሩን ዘግተው ገቡ። ወረፋ ነበር። ስምንት ደቂቃ ያህል ቆዩ። ሲመለሱ ልጁ ፊቱ ቀልቶ፣ በላብ ርሶ፣ ማልቀስ እንኳ ደክሞት አገኙት። ቁልፉ በቦርሳቸው ውስጥ ስለነበር መኪናዋ ባለቤትዋ መራቃቸውን ዐውቃ ማቀዝቀዣውን አጥፍታዋለች። የነዳጅ መኪና ብትሆን የሞተሩ ድምፅ መቆሙ በሩን ሲዘጉ ይሰማቸው ነበር። ይህቺ ግን ስትሠራም ዝም፣ ስትጠፋም ዝም ናት።

ወዲያው ወደ ጥላ አውጥተው፣ ልብሱን አውልቀው፣ ውኃ እያፈሰሱ አራገቡለት፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ልጁ ድኗል፤ ዛሬ ግቢውን ሲያምስ ይውላል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሞ የወጣ የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከውጭው በአማካይ በ22 ዲግሪ ከፍ እንደሚልና ከዚህም ጭማሪ 80 በመቶው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች እንደሚደርስ አሳይቷል። መስኮቱን ትንሽ ገርበብ አድርጎ መተው የረባ ለውጥ አላመጣም። የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ በፍጥነት ይግላል። የመስተዋት ጣሪያ የቅንጦት ምልክት ቢሆንም መጋረጃ ከሌለው ፀሐይን በልጅ አናት ላይ የሚያስገባ መስኮት ነው። ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ «አንድ ደቂቃ ነው» አትበሉ። ልጅ ከእናንተ ጋር ይወርዳል።

እንዴት እንያዛት?

አክስቴ ከልጅ ልጃቸውና ከባለሙያው ጋር ሆነው የቤታቸውን ደንብ አውጥተዋል። ቆላ ለሚኖሩ እህቶች ይጠቅማል ብለን ከዚህ በታች አቅርበነዋል።

አንደኛ፣ ጥላ። መኪናዋ ከሸራ ወይም ከቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኛት ቦታ ትቁም። ዳሱ ከባትሪ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው። በፊት መስተዋቱና በጣሪያው ላይ መከለያ ይደረግ።

ሁለተኛ፣ የሙሌቱ መጠን። ለዕለት ጉዞ እስከ 80 በመቶ ይበቃል። መቶ በመቶ የሚሞላው ረጅም መንገድ ሲታሰብ፣ ያውም መነሻው ሰዓት ሲቃረብ ይሁን። ከ20 በመቶ በታች ወርዳም ለብዙ ቀን አትቁም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የባትሪ ዓይነት ግን ለሙቀቱ የተሻለ ጽናት አለው፤ አንዳንድ አምራቾችም እርሱን በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ መቶ መሙላት ያዝዛሉ። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ የመሙያው ሰዓት። አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ሌሊት ይሁን። በጠራራ ፀሐይ ረጅም መንገድ ነድቶ ወዲያው ከፍጥነት መሙያ ላይ መሰካት በግለት ላይ ግለት መጨመር ነው። ጥቂት ትረፍ።

አራተኛ፣ መስመሩ። መኪናዋ ለራስዋ የተዘረጋ፣ የመሬት መስመር ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ያስፈልጋታል። ምጣድና መኪና በአንድ ሶኬት አይሰኩም። በ220 ቮልትና በ32 አምፔር መስመር በአንድ ሰዓት 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይገባል። እንግዲህ 80 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ40 ወደ 80 በመቶ ለመድረስ አምስት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል ማለት ነው። በቀጭን ማራዘሚያ ሽቦ መሙላት ግን እሳት መጋበዝ ነው።

አምስተኛ፣ ጐማ። ባትሪው ብዙ መቶ ኪሎ ስለሚመዝን ጐማው ከሌላ መኪና ጐማ ይልቅ ይደክማል። ነፋሱ የሚለካው ጧት፣ መኪናዋ ሳትነዳ ነው። ሲሞቅ መለኪያው ከፍ ማለቱ ያለ ነገር ነውና ቀን ላይ አይተንፈስ።

ስድስተኛ፣ ትንሹ ባትሪ። ከትልቁ ባትሪ ሌላ መብራቱንና በሩን የሚያሠራ ተራ የ12 ቮልት ባትሪ አለ። ሙቀት እርሱንም ያሳጥረዋልና በየዓመቱ ይፈተሽ። እርሱ ከሞተ ትልቁ ሞልቶ እያለ መኪናዋ አትነሣም።

ሰባተኛ፣ መካኒክ። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች እስከ 400 ቮልትና ከዚያም በላይ ይሸከማሉ። ያልሠለጠነ ሰው ቢነካቸው ይገድላሉ። ከወለሉ ሥር ያለው የባትሪ ሣጥን በድንጋይ ከተመታም «ትንሽ ነው» ሳይባል ይታይ።

ገና ለመግዛት የምታስቡም ብትኖሩ ከቀለሟ በፊት ወረቀቷን ጠይቁ። ብዙ አምራቾች ለባትሪው እስከ ስምንት ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ ዋናው ጥያቄ ግን ያ ዋስትና እዚህ አገር ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ያገለገለች ከሆነች የባትሪዋን አቅም አስለክታችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። ስክሪኗ በምታነቡት ቋንቋ እንዲለወጥ፣ ካልተቻለም ትርጉሙ ተጽፎ እንዲሰጣችሁ ገንዘቡን ሳትከፍሉ ተነጋገሩ።

ከደንገጎ ቁልቁል

በማግሥቱ ማታ አክስቴ ወደ ደንገጎ ይዘውኝ ወጡ። ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ስንመለስ ቁልቁለቱን እግራቸውን ከፍሬን ላይ አንሥተው ሲወርዱ የባትሪው ቁጥር በመቀነስ ፈንታ ሲጨምር አሳዩኝ። መኪናዋ ቁልቁል ስትወርድ ሞተሩ እንደ ዲናሞ እየሠራ ኃይሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ፍሬኑም አይደክምም። ባትሪው አፉ ድረስ ሞልቶ ከሆነ ግን የሚመለሰውን መቀበያ ቦታ የለውም። «ይኸው ነው የሰማንያው ምሥጢር» አሉኝ። «ሁልጊዜ ሞልቶ የሚያድር ቤት የመጣለትን አይቀበልም።»

«ታዲያ እትዬ፣ ገንዘቡ አይቆጭዎትም?»

«ዐሥራ አራቱ እጅ ይቆጨኛል። የቀረው ግን ሰማንያ ስድስት ነው። እሱን እጠብቃለሁ» አሉ።

ግቢ ስንገባ ጨልሟል። ከመሪው በላይ የልጅ ልጃቸው በአማርኛ ጽፋ የለጠፈችው ካርቶን አለ። ጥላ፣ ሰማንያ፣ ሌሊት፣ ጐማ እያለ ይወርዳል። በመጨረሻው መስመር ላይ በትልቁ የተጻፈው ግን «ልጅ አለ?» የሚል ነው። አክስቴ መኪናዋን ከዳሱ ሥር አቁመው ወረዱ። ከኋላ ማንም እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። እሳቸው ግን ዞረው የኋላውን በር ከፈቱ፤ ወንበሩን በእጃቸው ዳበሱት፤ ከዚያ በኋላ ዘጉት።